የሐረርጌ ተራራ በአንድ ወቅት አይታጠርም

ወደ ምሥራቁ ደጋ ለመውጣት የትኛው ወቅት እንደሚሻል የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ድሬዳዋ ውስጥ ተራራ መውጣት የሚወዱ ወዳጆቼ አንብበው ልከውልኛል፤ አንዳንዶቹም ያሰቡትን ጉዞ በጽሑፉ ምክር ቀይረዋል። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ አገላለጹም ያምራል። ነገር ግን ከያዛቸው ምክሮች አብዛኞቹ ለሌላ ተራራ የሚሆኑ ናቸው። አንደኛው ምክር ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ከጨርጨር ጀምሮ እስከ ቁንዱዶ ባለው የሐረርጌ ደጋ ለመጓዝ ብቸኛው ትክክለኛ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው ይላሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ሙሉ በሙሉ መተው አለበት፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ተራራው በጉም ይሸፈናል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በልግ ግን የሚያሳስብ ዝናብ ስለሌለው እንደ በጋ ሊቆጠር ይችላል፤ እንዲያውም በዚያ ጊዜ የደረቁትን የአሸዋ ወንዞች ተከትሎ ወደ ተራራው መግባት ቀላሉ መንገድ ነው። የአየሩን ሁኔታ ለማወቅ የድሬዳዋን ትንበያ በስልክ ማየት ይበቃል። ከበጋውም ሳምንታት የተመረጠው የታኅሣሥ ገብርኤል በቁልቢ የሚከበርበት ነው፤ መጓጓዣ እንደ ልብ ይገኛልና። በመጨረሻም የገጠሩ ሰው በበጋ ከሥራ ስለሚያርፍ መንገድ መሪና የጭነት እንስሳ አይታጣም፤ የወባ ሥጋትም የለም ይላሉ።

በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። የበልጉንና የአሸዋ ወንዞቹን ጉዳይ ግን ሰፋ አድርጌ ማየት ስለምፈልግ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ።

ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ግን የሁሉም ስህተት ምንጭ የሆነውን ነገር ማንሳት ይገባል። ጸሐፊው የሰጡን የወራት ሰሌዳ የሰሜኑ ነው። በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ፣ ከፍታው ከ4,500 ሜትር ወደሚበልጠው ራስ ደጀን የሚያቀና ተጓዥ የሚያስበው ስለ አንድ ትልቅ የዝናብ ወቅት ነው። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለላል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለወራት ይከፈታል። ለዚያ ተጓዥ ጥቅምትን ጠብቅ ማለት ትክክለኛ ምክር ነው። ሐረርጌ ላይ ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በድሬዳዋም ሆነ በሐረማያ በሚያዝያ አካባቢ አንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በሰኔ ጋብ ይላል፤ በነሐሴ ደግሞ ከመጀመሪያው በልጦ ይመለሳል። ይህ የዓመቱ አካሄድ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ገበሬው ማሽላውን የሚዘራው የመጀመሪያውን ዝናብ ተማምኖ ነው።

በዚያ ላይ የሐረርጌ ተራራ ራሱ ሁለት ፊት አለው። ከደንገጎና ከቁልቢ ጫፍ ወደ ሰሜን የሚወርደው ውኃ በገደላማው ተዳፋት ተምዘግዝጎ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ይገባና ሜዳው ላይ ሰርጎ ይጠፋል። ወደ ደቡብ የሚወርደው በራሚስ፣ በጎበሌ፣ በኤረርና በዳካታ አድርጎ ዋቢ ሸበሌ ይደርሳል። አንዱ ፊት ሞቃትና ደረቅ፣ ሌላው ለምለምና እርጥብ በሆነበት ቀን ለሁለቱም አንድ ምክር መስጠት አይቻልም። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነስቶ ከ3,300 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው ጋራ ሙለታ ድረስ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በአጭር ርቀት ይፈራረቃሉ። ስለዚህ እዚህ አገር ተጓዡ ወሩን ከመምረጡ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ የትኛው ተዳፋት ላይ ነኝ? የምሄደው ለምን ጉዳይ ነው? በቀኑስ በስንት ሰዓት ላይ ነው ተራራው ላይ የምሆነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። እኔ ግን ከወሩ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል እላለሁ።

አሁን ወደ ክረምቱ ልግባ። መንገድ ይዘጋል የሚለው አባባል የትኛውን መንገድ ነው? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጭሮ፣ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ የሚመጣው አስፋልት፣ እንዲሁም ከድሬዳዋ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረር የሚወጣው አስፋልት ክረምት ከበጋ ተሽከርካሪ የሚርመሰመስባቸው ናቸው። የጅቡቲ ጭነት፣ የአወዳይ ጫት፣ የሐረር ሚኒባስ በነሐሴም አይቆምም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ጸሐፊው ራሳቸው በሌላ አንቀጽ ጠቅሰውታል፤ ቁልቢ። የቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፤ አንደኛው ታኅሣሥ 19፣ ሌላው ሐምሌ 19 ቀን። ሐምሌ 19 የክረምቱ እምብርት ነው። ያን ዕለት ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን በዝናብና በብርድ ተራራው ላይ ያድራል፤ በማግሥቱም ወደየቤቱ ይመለሳል። ክረምት የሐረርጌን ደጋ የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህ በዓል በየዓመቱ አይከበርም ነበር።

የሚገባውን ያህል ግን ልመስክር። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ጥርጊያ መንገድ በሐምሌና በነሐሴ እውነትም ያስቸግራል። ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ ሲረጥብ አይሱዙ እንኳ ይይዛል፤ እግረኛም ጫማውን እየነቀለ ነው የሚሄደው። ጋራ ሙለታን ወይም ቁንዱዶን በእነዚህ ሁለት ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ልውጣ ለሚል ሰው እኔም ቆይ እለዋለሁ። ጉሙም እውነት ነው። ደንገጎ ላይ ጉም ሲወርድ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ኩርባ ላያይ ይችላል፤ በዚያ መንገድ በጉም መቸኮል ገደል መግባት ነው።

ከዚህ ተነስቶ አራቱንም ወራት መዝጋት ግን ሰኔን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ይሆናል። ሰኔ በሁለቱ ዝናቦች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን አልፎ የሚያስጨንቀው በዚህ ወር ስለሆነ፣ የከተማው ሰው ወደ ደጋው መውጣት የሚመኝበትም ወር ነው። በልጉ ያበቀለው ሣር ገና አልደረቀም፤ ማሽላው ከጉልበት በላይ ሆኗል፤ የክረምቱ ጭቃ ገና አልመጣም። በሐምሌና በነሐሴም ቢሆን የዝናቡ ጠባይ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደመናው የሚከመረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ዶፉ የሚወርደው ከስምንትና ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ፣ ወይም ማታ ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳ ሰው እስከ እኩለ ቀን ተጉዞ፣ የተራራውን እርከን ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ አይቶ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ጣሪያ ሥር ሊገባ ይችላል። የሐረርጌ ገበሬ ዳገቱን በድንጋይ እየካበ የሠራውን እርከን በሙሉ ውበቱ ማየት የሚፈልግ ሰው በደረቁ ጥር ቢመጣ የሚያገኘው ቃርሚያና አቧራ ነው።

ስለ በጋው ደግሞ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ያለው ጊዜ ድንቅ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፤ ከደንገጎ አናት ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የድሬዳዋን ሜዳና ከዚያ ወዲያ ያለውን በረሃ ጥርት አድርጎ ያያል። ለእይታ ብቻ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ወር አልጠቁምም። ስህተቱ የጥቅምትን መልካምነት እስከ ጥር ድረስ መለጠጡ ላይ ነው። ጥር ላይ ምንጮች ይቀንሳሉ፤ በአንዳንድ ቀበሌ እናቶች ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። እንግዳ የሚጠጣውን ውኃ ከሰው ድርሻ ላይ እንዳይወስድ ተሸክሞ መውጣት ይኖርበታል። አቧራውና ጭጋጉም ሩቁን ይሸፍነዋል። ጽሑፉ ስለ ውኃ አንድም ቃል አለመናገሩ አሳዝኖኛል።

ብርዱም አለ። ጸሐፊው ወፍራም ልብስ ያዙ ማለታቸው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ላይ ለቅቆ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀኑ ብሩህ የሆነበት ወር ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ወር ነው። በከፍተኛው ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሰብል የሚመታው ይኸው ውርጭ ነው። ድንኳን ይዞ ጋራ ሙለታ ላይ ለማደር የሚያስብ ሰው በጋ ነው ብሎ ቀለል ያለ አንሶላ ይዞ ቢወጣ ሌሊቱ ጨካኝ ይሆንበታል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍን ሌሊቱ እርጥብ ቢሆንም ያን ያህል አይቆርጥም።

በጋ ሁልጊዜ ደረቅ ነው የሚለው ዋስትናም አይጸናም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ምን እንደሆነ የምሥራቅ ሰው አይረሳም። በዚያ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ስለነበር በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ በበጋው ውስጥ ቀጠለ። እርጥበቱ የበረሃ አንበጣ እንዲራባ አደረገ፤ መንጋውም ሐረርጌንና ድሬዳዋን አዳረሰ። በገና ሰሞን አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከአንበጣ መንጋ ጋር ስለተጋጨ ድሬዳዋ ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተገዷል። ይህ ሁሉ የሆነው ጽሑፉ ዋስትና በሰጠባቸው ወራት ውስጥ ነው። ከባቢሌ ወዲያ ወደ ሶማሌ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ መደበኛ ወቅት ነው፤ የሶማሌ አርብቶ አደር ዴይር ብሎ ይጠራዋል፤ ከብቱንም ግመሉንም በእሱ ያንቀሳቅሳል። ቁንዱዶን ወጥቶ በባቢሌ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ለመቀጠል የሚያስብ ተጓዥ ስለዚህ ዝናብ ሳይሰማ መነሳት የለበትም።

ወባን በተመለከተ ጽሑፉ የጻፈው ከእውነቱ ተቃራኒ ነው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚነሳው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ያቆረው ውኃ ትንኝ የሚያፈላበት ጊዜ ነውና። ይህም ጸሐፊው ከመከሩት ወራት ጋር ይገጣጠማል። ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያድረው ድሬዳዋ፣ ወይም በኤረር ሸለቆ፣ ወይም ባቢሌ ነው፤ እነዚህ ሁሉ የወባ አገር ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወራት ከተማዋ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። በምርመራ ዋነኛ አስተላላፊ ሆና የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የትንኝ ዝርያ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ገንዳ ውስጥ ትራባለች። ውኃ በብዛት የሚጠራቀመው ደግሞ በበጋ ነው። ስለዚህ በጋ ነው ብሎ አጎበር መተው አይገባም።

የስልኩን ትንበያ በአጭሩ ልለፈው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። በድሬዳዋና በጋራ ሙለታ ጫፍ መካከል ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። ስለዚህ ስልኩ ድሬዳዋ 28 ዲግሪ ናት ሲል ተራራው ጫፍ 14 ወይም 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። የዝናቡማ ነገር ጭራሽ አይገናኝም፤ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ እየጠበሰ ደንገጎ ላይ ዶፍ የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑና በየወቅቱ የሚያወጣውን ትንበያ መከታተል ይሻላል። ከዚያም በላይ በማለዳ እዚያው ተራራው ላይ ለሚኖር ሰው ደውሎ ሰማዩ እንዴት አደረ ብሎ መጠየቅን የሚተካ ነገር የለም።

ቁልቢን በሚመለከት፣ ራስ መኮንን ስላሠሩት ደብርና ስለ ስለቱ ጸሐፊው በአክብሮት መጻፋቸውን እወዳለሁ። ነገር ግን ለባለ ስለትና ለተራራ ተጓዥ አንድ ምክር አይሆንም። ስለት ያለበት ሰው ታኅሣሥ 19ን የሚተካ ቀን የለውም፤ ይሂድ፤ መንገዱም ድካሙም የበረከቱ አካል ነው። ተራራውን ለማየት የሚመጣ ሰው ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምዕመን በአንድ መንገድ ላይ በሚፈስበት ሳምንት መጥቶ ምን ያደርጋል? መጓጓዣ ይበዛል፤ ፈላጊውም ከዚያ በላይ ይበዛል። ድሬዳዋና ሐረር የሆቴል አልጋ ቀድሞ ይያዛል፤ ዋጋው ይንራል፤ ከድሬዳዋ ቁልቢ ያለው መንገድ ተሽከርካሪ ለተሽከርካሪ ተያይዞ ይንፏቀቃል። አንድ የተራራ ተጓዥ የያዘው መቀመጫ ከአንድ ባለ ስለት የተወሰደ ነው። በበዓሉ ማግሥት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ቢመጣ ለራሱም ለሌላውም ይበጃል።

በዓልን ከወቅት ጋር ማስላት ካስፈለገ ደግሞ ሐረር ሌላ አቆጣጠር አላት። ከረመዳን ጾም ፍጻሜ በኋላ በሸዋል ወር ስምንተኛው ቀን የሚከበረው ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ተመዝግቧል። የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ በጋውንም በልጉንም ክረምቱንም ያዳርሳል። ሹዋሊድን ሊያይ የመጣ ሰው ተራራውን በየትኛውም ወቅት ሊያገኘው ይችላል፤ ለሁሉም መዘጋጀት አለበት።

በበጋ ገበሬው ያርፋል የሚለው ደግሞ ገበሬውን ቀርቦ ያላየ ሰው ቃል ይመስላል። በሐረርጌ ደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ የዓመቱ ከባድ የሥራ ጊዜ ነው። ማሽላው ይታጨዳል፣ ይወቃል፤ በወይና ደጋው ቡናው ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አህያው ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ይመላለሳል። በእነዚህ ሳምንታት አንድ አባወራ ማጭዱን ጥሎ መንገድ ምራኝ፣ አህያህም ጓዜን ይሸከምልኝ ማለት ከባድ ጥያቄ ነው። እሺ ካለም ለእንግዳ ክብር ብሎ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማሳው ላይ ነው። ጥርና የካቲት መጀመሪያ ላይ ግን እውነትም ፋታ አለ፤ ጸሐፊው ያሉት ለእነዚህ ሳምንታት ቢሆን ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር።

ወቅት ሲመረጥ የሰውም ጾም ይታሰብ። የሐረርጌ ደጋ ነዋሪ በብዛት ሙስሊም ነው። ረመዳን በየትኛው ወር እንደሚውል ሳያጣሩ መጥቶ፣ ውኃ ያልቀመሰን መንገድ መሪ በቀትር ፀሐይ ዳገት ማስወጣት ግፍ ነው። በረመዳን መውጣት የግድ ከሆነ ከሱሁር በኋላ በጠዋቱ ተነስቶ ከእኩለ ቀን በፊት መጨረስ፣ ማፍጠሪያውን በሰፈሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለ ልብስና ስለ ጫማ አንድ ገጽ የጻፈ መመሪያ ስለዚህ ሁለት መስመር ቢጨምር ምን ነበር?

አሁን ወደ በልጉ ልምጣ። በዚህኛው ነጥብ ላይ አቋሜ የጠነከረ ነው።

ጸሐፊው በልግን እንደ በጋ ቆጥረዋል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ የሐረርጌ ሰማይ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከቆላው ይነሳና ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው እርጥበት ከእሱ ጋር ሲገናኝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥቁር ደመና ይቆልላል። ከዚያ ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ ዶፍ ይከተላል። የበልግ ዝናብ እንደ ክረምቱ ቀን ከቀን የሚንጠባጠብ ስላልሆነ የወሩ ድምር ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለተጓዡ የሚያሳስበው ግን የወሩ ድምር አይደለም፤ በአንድ ሰዓት የሚወርደው ነው። ከክረምት በፊት ባለው ጊዜ ተዳፋቱ በሰብልና በሣር አልተሸፈነም፤ የሚወርደው ውኃ አብዛኛው ሳይሰርግ ይፈስሳል።

የሚፈስሰው ወዴት ነው? በቀጥታ ጸሐፊው ተጓዡን ወዳስገቡበት የአሸዋ ወንዝ።

የድሬዳዋ ሰው ስለ ደቻቱ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ከሌላ አገር ለሚያነብ ግን ልናገር። ደቻቱ ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ መውረጃ ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለውም፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሄድ ሰው ያቋርጠዋል። ውኃው የሚመጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የደንገጎ አካባቢ ጫፎች ነው። ከዚያ እስከ ከተማዋ ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱ ስለታም ነው። ተራራው ላይ የዘነበው ዶፍ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው እንዲህ ነበር። ሰው በተኛበት ጎርፉ መጣ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ያን ሌሊት በድሬዳዋ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን ወይም የሚያውቀውን ሰው ያላጣ ጥቂት ነው።

ያ ክረምት ነበር ይባል ይሆናል። እሺ፣ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የሆነውስ? ጸሐፊው እንደ በጋ በቆጠሩት በልግ፣ ደራሽ ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በልግ የሚያሳስብ ዝናብ የለውም የሚለውን ለመሻር ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል።

የአሸዋ ወንዝ የሚያታልለው ምቹ በመሆኑ ነው። ሜዳ ነው፣ አቀበት የለውም፣ እሾህ የለውም፤ ወደ ተራራው ግርጌ በቀጥታ ያደርሳል። ወደ ላይ በተገባ ቁጥር ግን ግድግዳው ይጠብባል፤ ወዲያና ወዲህ ያለው ገደል ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ሆኖ ከላይ የሚዘንበውን ማየት አይቻልም፤ ከራስ በላይ ያለው ቁራጭ ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። የድንጋይ መንከባለል ድምፅ ሲሰማ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ መውጫ ቀድሞ ያልተመለከተ ሰው ያን ጊዜ መውጫ አያገኝም። የሚመጣውም ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጭቃ፣ ግንድና ቋጥኝ ይዞ ነው።

ይህን የምለው በልግን ለመዝጋት አይደለም። እንዲያውም የሚያዝያ ማለዳ በደጋው ላይ ከምወዳቸው ጊዜያት አንዱ ነው፤ አፈሩ ይሸታል፣ በየማሳው ዘር ይዘራል፣ ኮረብታው በሳምንት ውስጥ ቀለሙን ይለውጣል። በልግን ግን በበልግነቱ መያዝ ይገባል። ጎህ ሲቀድ መነሳት፤ የአሸዋ ወንዙን ማቋረጥ ግድ ከሆነ በጠዋት፣ ባጭሩ፣ ሳይቀመጡ ማቋረጥ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ምንም ያህል ሰማዩ ቢጠራ ወደ መውረጃው አለመውረድ፤ መንገዱን በጋራው ትከሻ ላይ ማድረግ፤ ድንኳን አሸዋ ላይ አለመትከል፤ ከላይ ተራራው ላይ ደመና ከተቆለለ ደግሞ ጉዞውን እዚያው ማቆም። ጥርት ያለው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ላይ መውጣት ነው።

በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ከጸሐፊው ጋር መለያየት እንችላለን። ጥርን ቢወዱት፣ ነሐሴን ቢፈሩት ጉዳቱ አንድ የተበላሸ ጉዞ ነው፤ የሚከፋ አይደለም። የአሸዋ ወንዙ ምክር ግን የተለየ ነው። ጽሑፉን ያነበቡት አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ከሌላ ክፍለ አገር የሚመጡ፣ ደቻቱን በስም እንኳ የማያውቁ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያንን አንቀጽ የመጋቢት ደመና ሳይመጣ ያውጡት፣ ማውጣታቸውንም በግልጽ ይጻፉ። ጽሑፉን ለወዳጆቻችሁ የላካችሁም እርማቱን ለእነዚያው ሰዎች መልሳችሁ ላኩላቸው።